ቲሞሎል ትንፋሽ ሲያሳጥር፦ የእናቴን የግላኮማ ጠብታ በምን ልቀይረው?

ጥያቄ፦ «እናቴ 64 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ደሴ ነው። ከአራት ወር በፊት ግላኮማ አለብሽ ተብላ ቲሞሎል 0.5% ጠዋትና ማታ በሁለቱም ዓይኗ እንድታደርግ ታዘዘላት። ከዚያ ወዲህ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ሌሊት ያስላታል። ልጅ እያለች አስም ነበረባት። እይታዋ ደግሞ ምንም አልተሻለም። አንዷ ብልቃጥ ሁለት ሳምንት እንኳ አትቆይላትም። እኔ አሜሪካ ነኝ፤ ላታኖፕሮስት ገዝቼ ልላክላት? ቲሞሎሉንስ ዛሬውኑ ታቁም?»

ምላሽ፦

በመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነውና። በልጅነቱም ቢሆን አስም የነበረበት ሰው ቲሞሎል ጀምሮ ትንፋሽ ካጠረውና ሌሊት ካሳለው፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ የሚጠረጠረው ጠብታው ነው። እናትዎ የሚቀጥለውን ጠብታ አያድርጉ፤ ዛሬ ወይም ነገ ሐኪም ዘንድ ቀርበው ሳንባቸውና ልባቸው ይታይ። ቁጭ ባሉበት ትንፋሽ የሚያጥራቸው፣ ደረታቸው ሲር ሲር የሚል፣ ራሳቸውን የሚያዞራቸው ወይም የልብ ምታቸው በደቂቃ ከ50 በታች የሆነ እንደሆነ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ምቱን ቤት ውስጥ መቁጠር ይቻላል፦ አምስት ደቂቃ አርፈው ይቀመጡ፣ አጠገባቸው ያለ ሰው ሁለት ጣቱን በእጃቸው አንጓ ላይ በአውራ ጣት በኩል ያሳርፍና ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠር። ቁጥሩን ጽፎ ለሐኪሙ ማሳየት ትልቅ እገዛ ነው።

«ጠብታው ከቆመ ዓይኗ ይጠፋል» የሚለው ስጋት ይገባኛል፣ ግላኮማ የዓይን ነርቭን እየጎዳ እይታን የሚነጥቅ በሽታ ነውና፤ ግን የቲሞሎል ውጤት በአንድ ቀን አይጠፋም። ከቆመ በኋላ ግፊት የመቀነስ ኃይሉ ቀስ በቀስ እየደከመ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ስለዚህ ሐኪም እስኪያገኙ ድረስ የሚያልፉት ጥቂት ቀናት አብዛኛውን ጊዜ ነርቩን አይጎዱም። የሚጎዳው ጠብታው ቆሞ፣ ምትክ ሳይጀመር፣ «ምንም አላመመኝም» እየተባለ ሦስትና አራት ወር ሲያልፍ ነው። ሲጀመር የዓይን ግፊታቸው ከ40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በላይ ከነበረ፣ ወይም የሚያዩት በአንድ ዓይናቸው ብቻ ከሆነ፣ ወይም ነርቩ ክፉኛ ተጎድቷል ተብለው ከሆነ ግን ቀናትም መባከን የለባቸውም፤ ቲሞሎሉ መቆሙን ለዓይን ሐኪሙ ያንኑ ቀን ነግሮ ምትክ ማግኘት ያስፈልጋል።

ዓይን ላይ የተደረገ ጠብታ እንዴት ሳንባ ድረስ ይደርሳል? ከብልቃጡ የሚወጣው አንድ ጠብታ ከ30 እስከ 50 ማይክሮሊትር ያህል ነው፤ ዓይን ግን ይህን ሁሉ አይይዝም። የተረፈው ከፊሉ በጉንጭ ይወርዳል፣ ከፊሉ በአፍንጫ በኩል ባለው የዓይን ጥግ በእንባ ቱቦ ገብቶ አፍንጫ ውስጥ ይደርሳል። በዚያ ያለው ስስ ሽፋን መድኃኒቱን በቀጥታ ወደ ደም ያሳልፈዋል። የሚዋጥ ክኒን በመጀመሪያ በጉበት በኩል አልፎ ከፊሉ ይሰበራል፤ የዓይን ጠብታ ግን ጉበትን ሳይነካ ነው ወደ ልብና ወደ ሳንባ የሚደርሰው። ቲሞሎል ለደም ግፊት በክኒን መልክም የተሰጠ መድኃኒት መሆኑን ማስታወስ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በዓይን ውስጥ ፈሳሽ የሚያመነጨውን ክፍል የሚያቀዘቅዝበት መንገድ የልብን ምት ከሚያቀዘቅዝበትና የአየር ቧንቧን ከሚያጠብበት መንገድ ጋር አንድ ነው። አስም፣ የቆየ የሳንባ ሕመም፣ ዘገምተኛ የልብ ምት ወይም የልብ የኤሌክትሪክ መስመር መዘጋት ያለበት ሰው ቲሞሎል የማይሰጠው ለዚህ ነው። በእናትዎ ዕድሜ ያለ ሰው ሲደክመውና ትንፋሽ ሲያጥረው «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ስለ ዓይን ጠብታ የሚጠይቅ ሐኪም ጥቂት ነው። ስለዚህ የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ብልቃጡን ይዘው ይሂዱ። አቴኖሎል፣ ፕሮፕራኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል ወይም ቬራፓሚል የሚወስዱ ከሆነም ይናገሩ፤ ከቲሞሎል ጋር ሲደመሩ የልብን ምት ከልክ በላይ ሊያዘገዩት ይችላሉ። ስኳር ካለባቸው ደግሞ ቲሞሎል የስኳር ማነስን ምልክት፣ በተለይ የልብ መምታትን፣ ይሸፍነዋል።

መድኃኒት ቤት ውስጥ «ቲሞሎል ካልተስማማቸው ቤታክሶሎል ይሻላል» ሊባሉ ይችላሉ። ሳንባ ላይ ያለው ጫና አነስ ይላል እንጂ የዚያው ቤተሰብ መድኃኒት ነው፤ አስም ላለበት ሰው እኔ አልመርጠውም። ከዚህ የባሰው አደጋ ቲሞሎል በጥምር ጠብታ ውስጥ ተደብቆ መግባቱ ነው። ኮሶፕት ዶርዞላማይድና ቲሞሎል ነው፤ ኮምቢጋን ብሪሞኒዲንና ቲሞሎል፤ ጋንፎርት ቢማቶፕሮስትና ቲሞሎል፤ ዛላኮም ላታኖፕሮስትና ቲሞሎል። በሌላ የንግድ ስም የሚመጡ ተመሳሳዮቻቸውም ብዙ ናቸው። ካርቶኑ ላይ ያለውን ትልቁን ስም ሳይሆን ከሥሩ በትንሽ ፊደል የተጻፈውን ያንብቡ፤ ቲሞሎል የሚል ካለበት ለእናትዎ አይሆንም።

«እይታዋ አልተሻለም» ስላሉት፦ አይሻልምም። ይህን ማንም ቀድሞ ሳይነግራቸው ጠብታ የተጀመረላቸው ሰዎች ናቸው በብዛት የሚያቋርጡት። በግላኮማ የሞተ የነርቭ ክር በየትኛውም ጠብታ፣ ሌዘርም ሆነ ቀዶ ሕክምና አይመለስም። የጠብታው ሥራ የዓይንን ግፊት ዝቅ አድርጎ የተረፈውን ነርቭ ማቆየት ነው፤ በሽተኛው ይህን በስሜቱ ሊያውቀው አይችልም። መሥራቱ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው፦ ከመጀመሩ በፊት ከነበረው ግፊት አሁን ስንት ቀነሰ፣ እንዲሁም በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ በሚደረገው የእይታ አድማስ ምርመራ ላይ የጎደለው ቦታ ሰፋ ወይስ እንደነበረ ቆየ። በትልቅ ጥናት እንደታየው እያንዳንዷ የወረደች 1 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በሽታው የመባባሱን ዕድል በ10% ገደማ ትቀንሳለች። ስለዚህ እናትዎን «አሁን ታያለሽ?» ብለው ከመጠየቅ ይልቅ የካርዳቸውን ፎቶ ያስልኩ። ከጠብታው በፊት የተለካውን፣ በኋላ የተለካውንና ሐኪሙ እንዲደርስ የሚፈልገውን ግፊት ከዚያ ላይ ያገኙታል።

ወደ ብልቃጡ እንመለስ፤ ብዙ የሚናገር ምልክት ነውና። የቲሞሎል ብልቃጥ አብዛኛውን ጊዜ 5 ሚሊ ሊትር ነው። ከአንድ ሚሊ ሊትር ከ20 እስከ 30 ጠብታ ይወጣል፤ ስለዚህ ብልቃጡ ቢያንስ 100 ጠብታ አለው። ሁለት ዓይን፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንዳንድ ጠብታ ማለት በቀን 4 ነው፤ 25 ቀን መድረስ አለበት። በሁለት ሳምንት ካለቀ እናትዎ በቀን 7 ወይም 8 ጠብታ እያወጡ ነው። ወይ ሁለት ሁለት እያደረጉ ነው፣ ወይ ጠብታው ዓይናቸውን ስቶ የዓይን ቆባቸው ላይ እየወደቀ ይደግማሉ። ሁለት ጠብታ ማድረግ ግፊቱን የበለጠ አይቀንስም፤ ወደ ደም የሚገባውን ግን ይጨምራል። የትንፋሻቸው ችግር በከፊል ከዚህ ሊመጣ ይችላል። እንዲያም ሆኖ አሠራሩን አስተካክሎ በቲሞሎል መቀጠልን አልመክርም፤ አስምን ለመቀስቀስ አንድ ጠብታም ይበቃል።

አሠራሩ ለማንኛውም ጠብታ አንድ ነውና በስልክ ቪዲዮ እያዩ ያስተምሯቸው። እጅ በሳሙና ይታጠባል። ቁጭ ብሎ ቀና ከማለት ይልቅ በጀርባ መተኛት ይቀላል። በአንድ እጅ የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርገው ኪስ ይሥሩ፤ ብልቃጡን የያዘው እጅ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግንባር ላይ ይደገፍ። ጫፉ ሽፋሽፍትም ዓይንም ሳይነካ አንድ ጠብታ ኪሱ ውስጥ ይውረድ። ከዚያ ዓይንን ሳይጨመቁ ቀስ ብሎ መክደን፣ አለማርገብገብ፣ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ወደ አጥንቱ ሁለት ደቂቃ ሙሉ መጫን። ይህቺ ሁለት ደቂቃ ብቻዋን ወደ ደም የሚገባውን ከግማሽ በላይ ልትቀንሰው ትችላለች፤ ሳትሠራ የምትቀረውም እሷው ናት። የፈሰሰውን በንጹሕ ሶፍት ይጥረጉ። ሁለተኛ ዓይነት ጠብታ ካለ አምስት ደቂቃ ይጠበቅ፤ አለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አጥቦ ያወጣዋል። ጠብታው በተከፈተ ዓይን የማይሳካላቸው ከሆነ ተኝተው ዓይናቸውን ከድነው ጥጉ ላይ ጠብ ያድርጉና ዓይናቸውን ይክፈቱ፤ ይገባል።

አሁን ላታኖፕሮስት። ለእናትዎ ከቲሞሎል የተሻለ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ። ሳንባና ልብ ላይ ጫናው በጣም ትንሽ ነው፣ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚደረገው፣ ግፊትንም ከቲሞሎል በተሻለ ከ25 እስከ 33% ይቀንሳል። የዓይንን ፈሳሽ ማመንጨት አይቀንስም፤ ፈሳሹ የሚወጣበትን ሌላ መንገድ ያሰፋል። ይሁን እንጂ በፖስታ ደርሶ በራሳቸው የሚጀምሩት ነገር አይደለም። ቀደም ሲል የዓይን ውስጥ ብግነት ወይም የሄርፐስ ቁስል የነበረበት፣ ወይም የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምናው ተወሳስቦበት የነበረ ሰው በጥንቃቄ ነው የሚሰጠው። ደግሞም ሐኪሙ የዓይናቸው ማዕዘን (የዓይን ፈሳሽ የሚወጣበት ጥግ) ክፍት ነው ወይስ ዝግ የሚለውን በልዩ ሌንስ ማየት አለበት፤ ዝግ ከሆነ ዋናው ሕክምና ጠብታ ሳይሆን በሌዘር ቀዳዳ መክፈት ወይም ቀዶ ሕክምና ነው።

አጠቃቀሙ፦ 0.005%፣ በሁለቱም ዓይን አንድ አንድ ጠብታ፣ ማታ። ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር «ማታ 3 ሰዓት» ብለው ይንገሯቸው፤ የእርስዎን ሰዓት ተርጉመው ሲልኩ የስድስት ሰዓት ስህተት እንዳይገባ። አንድ ቀን ከረሱ በማግስቱ በሰዓቱ ይቀጥሉ፣ እጥፍ አያድርጉ። በቀን ሁለት ጊዜ ማድረግ የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀንሰዋል እንጂ አይጨምረውም። መጀመሪያ ሳምንታት ዓይናቸው ቀላ ሊል ይችላል፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። ሽፋሽፍታቸው ይረዝማል፣ በዓይን ዙሪያ ያለው ቆዳ ሊጠቁር ይችላል፤ ጠብታውን ወዲያው መጥረግ ጥቁረቱን ይቀንሰዋል። ስለ ዓይን ቀለም መቀየር የሚጻፈው በዋነኛነት ቡናማና ሌላ ቀለም የተቀላቀለበትን ዓይን ይመለከታል፤ ጥቁር ቡናማ ዓይን ላይ ለውጡ እምብዛም አይታይም። ሙሉ ውጤቱ ለመታየት ሳምንታት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ግፊቱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይለካ። በሳምንቱ ተለክቶ «አልሠራም» መባል የለበትም።

ስለ መላክ። ያልተከፈተ ላታኖፕሮስት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ፍሪጅ ይቀመጣል፤ ከተከፈተ በኋላ እስከ 25 ዲግሪ ድረስ ለ6 ሳምንት መጠቀም ይቻላል። የአሜሪካው የላታኖፕሮስት መመሪያ በጉዞ ላይ እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ከ8 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ሰው ይዞት በሁለት ቀን የሚደርስ ከሆነ አይበላሽም። መንገደኛው በእጅ ሻንጣ ይያዘው፤ መቀዝቀዝ እንጂ በረዶ መሆን የለበትም፣ ፀሐይም አይንካው። ደሴ ደጋ ስለሆነች የተከፈተው ብልቃጥ ከካርቶኑ ሳይወጣ ቁም ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥ ችግር የለውም። መብራት ጥቂት ሰዓት መጥፋቱም ፍሪጅ ውስጥ ያለውን አያበላሸውም።  አንዷ የ2.5 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 80 ያህል ጠብታ አላት፤ ለሁለት ዓይን ከአንድ ወር በላይ ትሄዳለች። መላክ ከጀመሩ እንዳይቋረጥ አድርገው ያስቡ፦ ሁልጊዜ አንድ የተከፈተና ቢያንስ ሁለት ያልተከፈተ ብልቃጥ ቤት ውስጥ ይኑር፣ ማብቂያ ጊዜያቸውም ይታይ። በሚኖሩበት ከተማ በየወሩ የሚገኝ መድኃኒት አልፎ አልፎ ከሚመጣ የተሻለ መድኃኒት ይበልጣል። ስለዚህ በቅድሚያ ደሴና አዲስ አበባ ያሉ መድኃኒት ቤቶች ላታኖፕሮስት እንዳላቸው ይጠይቁ። ላታኖፕሮስት በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ከቲሞሎል፣ ከፒሎካርፒንና ከአሴታዞላማይድ ጋር አለ።

ላታኖፕሮስት ብቻውን ካልበቃስ? ሒሳቡን ይመልከቱ፦ ግፊታቸው 32 ከነበረና 30% ቢቀንስ 22 ይደርሳል። ነርቩ ብዙ ተጎድቶ ሐኪሙ ከ16 በታች ቢፈልግ ሁለተኛ መድኃኒት ግድ ነው። አስም ላለበት ሰው ሁለተኛው ዶርዞላማይድ 2% ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሲደረግ ያቃጥላል፣ አፍ ውስጥ መራራ ጣዕም ይተዋል። ብሪንዞላማይድ አነስ ያለ ማቃጠል አለው፤ ደለል ስለሚሠራ ግን ሁልጊዜ መነቅነቅ አለበት። ብሪሞኒዲን ሌላው ነው፤ አፍ ያደርቃል፣ ድብታ ያመጣል፣ ከወራት በኋላ ዓይንን የሚያቀላና የሚያሳክክ አለርጂ በብዙዎች ላይ ይታያል። ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ፈጽሞ አይሰጥም፤ ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ብልቃጡ ከእጁ ይራቅ። ፒሎካርፒን ርካሽ ነው፣ ይሠራል፤ ግን በቀን አራት ጊዜ ይደረጋል፣ ብሌንን ስለሚያጠብ ማታ ያጨልማል፣ ቅንድብ አካባቢ ያሳምማል። ሞራ ለጀመራቸው አረጋውያን አልወደውም።

አሴታዞላማይድ 250 ሚሊግራም ክኒን ግፊትን በብርቱ ይቀንሳል፤ ሆኖም ቀዶ ሕክምና እስኪደርስ የሚያሻግር እንጂ ለዓመታት የሚዋጥ አይደለም። ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል፣ ሽንት ያበዛል፣ ፖታሲየም ያወርዳል፣ የኩላሊት ጠጠር ያመጣል። የኩላሊት ድካም፣ የጉበት መኮማተር ወይም የሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው ሐኪሙ ሳያውቅ አይንካው።

ጠብታ ሦስተኛ ላይ ከደረሰ ስለ ሌዘር ወይም ቀዶ ሕክምና መነጋገር ይሻላል ባይ ነኝ። እንዲያውም ኤስኤልቲ የሚባለው፣ የዓይን ፈሳሽ መውጫውን የሚያነቃቃው ሌዘር ከጠብታ በፊትም ሊታሰብ ይችላል። በታንዛኒያ ሞሺ ከፍተኛ ግፊት ባላቸው ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት ከአንድ ዓመት በኋላ በሌዘር 61%፣ በቲሞሎል ደግሞ 31% የሚሆኑት ዓይኖች የሚፈለገው ግፊት ላይ ተገኝተዋል። በኢትዮጵያ ብዙ የሚታየው ሱዶኤክስፎሊየሽን የሚሉት የግላኮማ ዓይነት፣ በሌንሱ ላይ ነጫጭ ፍርፋሪ የሚታይበት፣ ግፊቱ ከፍ ዝቅ የሚልና ጠብታ ቶሎ የማይበቃው ነው። እናትዎ ይህ ይኑርባቸው አይኑርባቸው ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ካለባቸው ክትትላቸው መቀራረብ አለበት።

ሦስት ነገሮች ደግሞ በተለይ እናትዎ ጋር ይወያዩ። አንደኛው ጾም ነው፦ ጠብታ ምግብ አይደለም፤ እርግጠኛ ካልሆኑ የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ፣ በራሳቸው ግን አያቋርጡ። የላታኖፕሮስቱ ሰዓት ማታ ስለሆነ ጥያቄው ራሱ ይቀላል። ሁለተኛው ጸበል ነው፦ ጸበል የሚሄዱ ከሆነ ብልቃጡ አብሯቸው ይሂድ፤ ለሁለትና ሦስት ሳምንት ሱባኤ ተብሎ ቤት የቀረ ጠብታ ግፊቱን ይመልሰዋል፣ ሲመለስም አያምም። ሦስተኛው ለማሳከክና ለመቅላት ተብሎ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ዴክሳሜታዞን፣ ቤታሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ያለበት ጠብታ ነው። ወዲያው እፎይ ያሰኛል፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ግፊትን ሊያስወነጭፍ ይችላል፣ ግላኮማ ባለበት ዓይን ላይ ደግሞ ይብሳል። ላታኖፕሮስቱ ዓይናቸውን ሲያቀላ ጎረቤት የምታቀብላቸው ጠብታ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

እርስዎም በሚኖሩበት ቦታ ዓይንዎን ያስመርምሩ። የግላኮማ ታማሚ ልጅ ወይም ወንድምና እህት ከሌላው ሰው በብዙ እጥፍ ይጋለጣል፤ 40 ዓመት ካለፈዎ አይዘግዩ። መነጽር ለማዘዝ የሚደረገው ምርመራ አይበቃም። «እናቴ ግላኮማ አለባት» ብለው ግፊትዎ እንዲለካ፣ ብሌንዎ ተከፍቶ ነርቩ እንዲታይ ይጠይቁ። ወንድሞችና እህቶች ካሉዎት ደሴ ያሉትም እንዲሁ ከእናታቸው ጋር በአንድ ቀን ሄደው ይታዩ።